የአዳሙ ቅናሽ

ጥቅምት ፲፪፣ ሐሙስ። ከቀኑ ፲፩ ሰዓት።

ላንድሮቨሯ ገና አልገባችም። ከቡሬ መልስ ፱ ሰዓት ላይ ደጅ መድረስ ነበረባት። የማንኩሳ ገበያ አቆይቷቸው ይሆናል። ዶሮዎቹን አስገባሁ። ጎመኑን ውሃ አጠጣሁ። ወደ በሩ ሄድኩ፤ ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ።

፲፪ ሰዓት። መጣች። ክላክስ ሳትነፋ። ሌላ ቀን አዳሙ ከመታጠፊያው ጀምሮ ነው የሚነፋው፤ የፍ/ሰላም ሰው ሁሉ የወ/ሮ አስናቀች መኪና ገባች እስኪል ድረስ። ዛሬ እንደ ሌባ ነው የገባው። የመኪናዋ ግራ ጉንጭ ገብቷል። አንዱ የፊት መብራት የለም። ፓራፋንጎው ጎማው ላይ ተጣጥፏል።

ደብተሬ፣ አዳሙን ታውቀዋለህ። ባለቤቴ ካረፉ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት ሾፌሬ ነው። ሁለቱ የኪራይ ቤቶች በአዋጅ ከተወሰዱ ወዲህ ከዚች መኪና በቀር የምንበላበት የለንም፤ እኔም፣ እሱም፣ ልጆቹም። ከፍ/ሰላም ቡሬ፣ ከቡሬ ፍ/ሰላም፣ ሰውና ቅል፣ ዶሮና በርበሬ ጭኖ።

ምን ሆነ? ገበያው መሀል ከአያ ጥበቡ ፒካፕ ጋር ተነካክተዋል። ይህ ጥበቡ የማንኩሳ እህል ነጋዴ ነው። ሰው አልተጎዳም። ሽማግሌ ወዲያው ዋርካው ሥር ተቀምጦ አስታረቃቸው። ሁሉም የየራሱን ሊያሠራ ተስማሙ። ይኸው ነው ታሪኩ።

ያጠፋው ማነው አልኩት። ጫማውን አየ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብያለሁ፣ እሜቴ።»

ሌላ አልጠየቅሁም። ማንኩሳ ስትደርስ ቀስ በል ብዬህ ነበር አልኩት። የመስኮቱን አቧራ በእጁ ጠረገ። አናደደኝ። ራቱን ሳይበላ ሄደ።

ጥቅምት ፲፫፣ ዓርብ። ጧት።

የመድኑን ውል ከሣጥን አወጣሁ። ሙሉ መድን ነው፤ የራሴንም የሌላውንም ጉዳት የሚከፍል። አረቦኑን በየዓመቱ ኅዳር ላይ ነው የምከፍለው። በመጀመሪያው ዓመት ከብዶኝ ነበር። ከዚያ ሰላም ባለፈ ዓመት ሁሉ ቅናሽ እየተጨመረ፣ ዛሬ የምከፍለው የመጀመሪያውን እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ይህችን ቅናሽ እንደ ሜዳልያ ነበር የማያት።

አሁን ግን አደጋ ደረሰ። አደጋ ከደረሰ ቅናሹ ሄዷል። ደብቄ ልውሰደው? አልወስድም። በተማርኩበት የአዲስ አበባ አዳሪ ት/ቤት ያሳደጉን መምህርት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሳህን የሰበረች ልጅ ማንም ሳይጠይቃት ከራት በፊት ቆማ ትናገር ይሉ ነበር። የተናገረች ትበላለች። የደበቀች ጦሟን ታድራለች። እኔ አንድ ቀን ጦሜን አድሬ አላውቅም።

ቅናሹ ከሄደ ዘንድ ደግሞ የጥገናውን ካሳ መጠየቅ መብቴ ነው። ለፖሊስም አስመዘግባለሁ፤ ውሉ እንዲያ ይላልና።

አዳሙ መጣ። ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ።

«ታርቀናል እኮ፣ እሜቴ። ቡሬ ያለው ባትላሜራ በአንድ ቀን ቀጥቅጦ ያወጣዋል። ዋጋውን ከደመወዜ ይያዙት።»

የአንተን ደመወዝ አልፈልግም፤ የምፈልገው ሥርዓት ነው አልኩት። የሆነውን እኔው ጻፍኩለት፤ የእሱ እጅ እንደ ዶሮ ጭረት ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተጎዳውን ዕቃ። ከታች፦ «ሾፌሩ በሽማግሌዎች ፊት ጥፋቱን አምኗል።» አነበብኩለት። ልክ ነው ወይ አልኩት። ብያለሁ አለ። ፈረመ።

የመኪናውን ቁልፍ እዚህ አኑር አልኩት፤ ነገሩ እስኪጣራ። ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ቀስ አድርጎ ነው ያኖረው፤ እንቁላል ይመስል።

ጥቅምት ፳፣ ዓርብ።

ፖሊስ ጣቢያ። ሁለት ሰዓት ወረፋ። የትራፊክ ፖሊሱ መኪናዋን አይቶ ሳቀ። እናት፣ በዚች መዝገብ ይከፈታል እንዴ አለኝ። ይከፈታል አልኩት። እንግዲያው የሌላውንም ሰው ቃል መቀበል አለብኝ አለ። ተቀበላ አልኩት። ለጥበቡ መጥሪያ ተላከ።

ወረቀቱን ባ/ዳር ወዳለው የመድን ቅርንጫፍ በአውቶቡስ ሰደድኩ። ሥራው በሥርዓቱ ሄዷል። ለምን እንደከፋኝ አላውቅም።

ጥቅምት ፳፩። ማርያም።

ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰው ሁሉ ሰላም አለኝ፤ ግን እየተቻኮለ። የአዳሙ ሚስት ከሩቅ እጅ ነሳችኝ። አልቀረበችም።

ጥቅምት ፳፯፣ ዓርብ።

የመድኑ ጉዳት ገማች እስኪመጣ መኪናዋ አትነካም ተብሏል። እንደቆመች ነው። ዛሬ ረፋድ ላይ ከማንኩሳ ወዲያ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ሆስፒታል ሲያልፉ ደጄ ላይ ዐረፉ። ውሃ ሰጠኋቸው። አንዱ ተሸካሚ በአጥሩ ቀዳዳ መኪናዋን አያትና፣ ወይ ጉድ፣ እሷም ታማ ተኝታለች ለካ አለ። ሌሎቹ ሳቁ። ሴትዮዋ አልሳቀችም።

ማምሻውን ሰው ልኬ አስጠየቅሁ። በሰላም ተገላግላለች። ወንድ። ተመስገን።

ኅዳር ፩፣ ማክሰኞ።

ገማቹ መጣ። ወጣት ነው፤ ትሑት። ለካ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ኅዳር ፰ ባ/ዳር መጥተው ካሳውን ይውሰዱ፣ ውሉንም ያድሱ አለ። መኪናዋ አሁን ትጠገን።

አዳሙ አብሮ አልነበረም። አልጠራሁትም። ባትላሜራውን ራሴ አስመጣሁ። የመብራቱ መስተዋት ከአዲስ አበባ ካልሆነ አይገኝም አለ። አዳሙ ቢሆን ከየትም ፈልጎ ያመጣው ነበር፤ ይህን ያለው ባትላሜራው ነው፣ እኔ አይደለሁም።

ኅዳር ፰፣ ማክሰኞ። ባ/ዳር፣ ከአንዲት ዘመድ ቤት።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። መንገዱ ነው እላለሁ። አይደለም።

የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ ይዤ በጧት ተሳፈርኩ። ዱርቤቴ ላይ አውቶቡሱ ጎማ ፈነዳበት። ፀሐይ ላይ ቆምን። የመድን መ/ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ያስተናገደችኝ ልጅ ዕድሜዋ የልጅ ልጄ ቢሆን ነው። ወንበር ሰጠችኝ። ወረቀቴን ገልጣ፣ እማማ፣ እጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል አለችኝ። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ካሳውን ነገረችኝ። ትንሽ ነው። ከጥገናው የመጀመሪያውን ድርሻ ባለመኪናው ይችላል፤ መድን የሚከፍለው የተረፈውን ነው። ይህን አውቅ ነበር። ፈረምኩ። ተቀበልኩ።

ቀጥላ የመጪውን ዓመት አረቦን ነገረችኝ። የዘጠኝ ዓመቱ ቅናሽ ከነሥሩ ተነሥቷል። እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ መውጣት ነው፣ አንድ አንድ ደረጃ። የተቀበልኩት ካሳ የዘንድሮን ጭማሪ እንኳ አይሸፍንም።

አውቃለሁ፣ አደጋ ስለደረሰ ነው አልኳት።

«የለም እማማ። ቅናሹን ያስነሣው ግጭቱ አይደለም፤ ካሳ መጠየቅዎ ነው። አሳውቀውን በራስዎ ቢያሠሩት ኖሮ ባለበት ይቆይ ነበር። ቅናሹ ካሳ ላልጠየቀ ነው።»

ውሉን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እንዲያ ነው የሚለው። ዘጠኝ ዓመት ሳነበው ኖሬ፣ አደጋ ላላደረሰ ሰው የሚሰጥ ሽልማት አድርጌ ነው ያነበብኩት።

ልጅቱ ልታጽናናኝ ፈለገች መሰለኝ። ያጠፋው ሌላው ሰው ቢሆን፣ ወጪውን ከእሱ አስመልሰን ቅናሽዎን እንጠብቅልዎ ነበር አለች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አደረገች፦ ግን እዚህ ላይ ሾፌርዎ አምኗል ይላል።

ይላል። በሚያምረው እጅ ጽሑፌ።

ውሉን አላደስኩም። የቀድሞው እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራል፤ አስቤ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ሐይቁን እንኳ ሳላየው።

ኅዳር ፲፣ ሐሙስ። ፍ/ሰላም።

ጧት በሩ ተንኳኳ። መሪጌታ ልሳኑ፣ ማንኩሳ ላይ እርቁን የመሩት ሽማግሌ። ከኋላቸው አያ ጥበቡ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። ከቅርብ አይቼው አላውቅም። ጸጉሩ ነጭ ነው፤ ከእኔ ግን በጣም ያንሳል። ግቡ አልኩ። መሪጌታ ገቡ። እሱ ከደፍ አላለፈም።

ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። ስለ ግጭቱ የጠየቀው ሰው የለም። ጤፉን ከየት ገዛህ፣ የት ልትሸጥ ነው፣ ስንት ኩንታል ነው፣ ፈቃድህ የታለ። ደብተሬ፣ በዚህ ጊዜ እህል ነጋዴ መንግሥት ፊት ሲጠራ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። የጫነው ጤፍ በተመን ዋጋ ለመንግሥት ገብቷል። እሱ በዋስ ነው የወጣው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ መሪጌታ ናቸው፤ እሱ ባርኔጣውን ያዞራል።

ኋላ ተናገረ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ታርቆ ፖሊስ የሚጠራ ሰው በጎጃም አላየሁም፣ እትዬ። አዲስ አበባ ነው የተማሩት ሲሉኝ፣ እህ፣ እንግዲያው እዚያ ያስተምሩታል አልኩ።»

ሾፌሬ ጥፋቱን ስላመነ ነው ሥርዓቱን የተከተልኩት አልኩ። ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። የእውነት ገርሞት።

«አዳሙ? አዳሙ ምን አጠፋ? ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ከበግ ሻጭ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ሳላይ መኪናዬን ወደ ኋላ የለቀቅሁት እኔ። ወደ ቀኝ ቢሸሽ ቅቤ ሻጮቹ ላይ ይወጣ ነበር። መሪውን ወደ እኔ አዙሮ እኔን መታኝ። ደግ አደረገ።»

ለምን ታዲያ አጥፍቻለሁ አለ?

መሪጌታ መሬት መሬት አዩ። ጥበቡ ነው የመለሰው፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው።

«ታናሽ ስለሆነ ነዋ። ሽበቴን አይቶ ቀድሞ ጎነበሰ፤ ጉልበቴን ሊስም። እኔም አንሥቼ ሳምኩት። ማን አጠፋ ብለን እንከራከር እንዴ ዋርካ ሥር?»

ባርኔጣውን ደፍቶ ሄደ። እህል ውሃ ሳይቀምስ፣ ከደጄ።

መሪጌታ ጥቂት ቆዩ። ስለ ባ/ዳሩ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የቆጡን አወርድ ብላ… አሉና ተዉት። ቀሪውን እኔ ልሙላው ማለታቸው ነው። ሞላሁት።

ማታ። ምግብ አልቀመስኩም።

ኅዳር ፲፩፣ ዓርብ።

የማላውቀው ወግ ቢሆን ምን ነበረበት። አውቀዋለሁ። ሙሽራ ሆኜ እዚህ አገር ስመጣ፣ አማቴ ቤት እንስራ ተሰብሮ ተገኘ። የሰበረችው የባለቤቴ ታላቅ እኅት ናት፤ ሁሉም ያውቃል። እኔ ታናሽ ነኝ። ወጥቼ እኔ ነኝ አልኩ፣ የአማቴን ጉልበት ሳምኩ። አማቴ ቀና አድርገው አቀፉኝ። ያን ቀን ነው የዚህ ቤት ሰው የሆንኩት። ማንም በወረቀት አልጻፈብኝም።

ይህን እያወቅሁ አዳሙን የጠየቅሁት ያጠፋው ማነው ብዬ ነው። እንዴት ተጋጫችሁ ብዬ አይደለም። ለምን? ስለዘገየ። መኪናዬ ስለተጎዳች። ቀስ በል ስለው ስለኖርኩ፣ እንዳልኩት ሆነ ለማለት ፈልጌ ነበር። ያጠፋ እንዲሆን ፈለግሁ። እነሆ ጻፍኩት።

ኅዳር ፲፪፣ ቅዳሜ። ሚካኤል።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ አዳሙ ቤት ሄድኩ። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። እሱ ነው ሁልጊዜ ወደ እኔ የሚመጣው። እንጨት ይፈልጥ ነበር። ሲያየኝ ምሳሩን ጣለ። ሚስቱ በርጩማ አወጣች፤ በቀሚሷ ጠረገችው። ጠላ ቀረበ። ጠጣሁ።

የመንግሥት እርሻ ከታኅሣሥ ጀምሮ የጭነት መኪና ሊያስነዳው ነው። ደመወዙ ከእኔ ይሻላል። ደብዳቤ ደርሶታል። መልስ ግን አልሰጠም።

ያጠፋው ጥበቡ መሆኑን ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«ከታረቁ በኋላ ጥፋቱ የእገሌ ነው ብሎ ማንሣት ነውር ነው፣ እሜቴ። ያው እርስዎም ያውቃሉ።»

አውቃለሁ አልኩ።

«አያ ጥበቡን ላስይዘው ነው? በእኔ ይለፍ ብዬ ነው።»

በእሱም አላለፈም። በጥበቡም አላለፈም።

ስለ ቅናሹ ነገርኩት። መነሣቱን። እሱን ምን አገባው፤ ግን ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ሰው እንደሞተበት።

«ሁሉም ሄደ?»

ሁሉም።

ኋላ ፈገግ አለ። ዘጠኝ ዓመት ዶሮ እንኳ አልገጨሁም አለ። አንዴ የመሪጌታን በግ ለማዳን ቦይ ውስጥ ገብቼ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሰድቦኝ፣ በጉም ሳያመሰግነኝ ሄደ አለ። ሚስቱ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሚስቱ ጠላ ጨመረችልኝ።

ተመለስልኝ ልለው ነበር የሄድኩት። ጠላውን አመስግኜ ተነሣሁ። አላልኩትም።

ኅዳር ፲፫፣ እሑድ።

ያ ቅናሽ የእኔ አልነበረም። ወረቀቱ በስሜ ነው፤ ገንዘቡን የቆጠብኩት እኔ ነኝ። ያገኘው ግን አዳሙ ነው። በየገበያው መሀል ቀስ ያለው፣ ለበግ ቦይ የገባው፣ በክረምት ጭቃ ላይ ተሳፋሪ አውርዶ ብቻውን የተሻገረው። እኔ ቤቴ ተቀምጬ ቅናሽ አገኘሁ እል ነበር። አንድ ቀን፣ ይህ የአንተ ነው ብዬው አላውቅም። የእሱን ሰጥቼ ፓራፋንጎ አስቀጠቀጥኩበት።

የባ/ዳሯ ልጅ ያለችኝ ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ያጠፋው ሌላው ሰው ቢሆን። አሁን ሌላው ሰው መሆኑን አውቃለሁ። ጥበቡ ከደፌ ላይ ቆሞ በራሱ አፍ ተናግሯል፤ መሪጌታ ምስክር ናቸው። ቃላቸውን ሰጥተው ወረቀቱ ቢስተካከል፣ ቅናሹ ይመለስ ይሆናል። ወጪውንም ጥበቡ ይከፍላል። እውነትም ይሆናል፤ አንዲት የሐሰት ቃል የለበትም።

መምህርቴ ቢኖሩ አድርጊው ይሉኝ ነበር።

ብዕሬን አንሥቼ ነበር። አስቀመጥኩት።

ኅዳር ፲፭፣ ማክሰኞ። የነቢያት ጾም ገባ። ከጧቱ ፩ ሰዓት።

ተኝቼ አስቤ፣ ተቀምጬ አስቤ ቆረጥኩ።

፩ኛ ጥበቡን አልከስም። ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ በጥበቡ ላይ ያለኝ ነገር የለም፣ መዝገቡ ይዘጋ እላለሁ። ይስቁብኝ። ጤፉን መመለስ አልችልም። ያ እንደ ዕዳ ይኖራል።

፪ኛ ስለ መድኑ። ሙሉውን መክፈል አልችልም። ርካሹን እገባለሁ፣ በሌላ ሰው ላይ ለምናደርሰው ጉዳት ብቻ የሚከፍለውን። የራሴን ጉዳት እኔው እችላለሁ። ቀድሞም እንዲሁ መሆን ነበረበት።

ዛሬ ማንኩሳ ገበያ ነው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ይቆማል። መሪጌታ ሽማግሌዎቹን ዋርካው ሥር ሊያስቀምጡልኝ እሺ ብለዋል። ጥበቡ ይመጣል፤ ቅር እያለው ነው፣ ግን ይመጣል አሉ። አዳሙም ተጠርቷል። እርቅ ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ቆሜ እናገራለሁ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ከዚያ በሁለቱም ፊት እጎነብሳለሁ።

ትናንት መሪጌታን ጠየቅኋቸው፦ ታላቅ ለታናሽ ቀድሞ ሲያጎነብስ ታይቶ ያውቃል? ጺማቸውን ዳሰሱ። እኔ አላየሁም አሉ። ጉልበትዎ ከፈቀደ ግን እናያለን።

ይፈቅዳል።

የላንድሮቨሯን ቁልፍ በመሐረቤ ጫፍ ቋጥሬያለሁ። ማንኩሳ ስንደርስ ለአዳሙ ልሰጠው ነው። ከእኔ ጋር ይሥራ አይሥራ አልጠይቀውም፤ የመንግሥት እርሻው ይሻለዋል፤ ልጆች አሉት። ዛሬን ግን ወደ ቤት እንዲነዳኝ እለምነዋለሁ። መኪናዋን ባትላሜራው በአንድ መብራት ማንኩሳ ድረስ ሊያመጣልኝ ነው፤ እኔ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ስመለስ ግን መሪውን የያዘው አዳሙ ከሆነ፣ ከመታጠፊያው ጀምሮ ክላክሱን እንዲነፋው…

በር ተንኳኳ። ባትላሜራው ነው።